ለእርግብ የሚሆነው ጥይት የቱ ነው?

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ከእንግሊዝ ደወለልኝ። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘም ያለ ነበር። የእናቱን ጤና ጠየቀ፣ የእኔን ስኳር ጠየቀ፣ የባሕር ዳርን ሁኔታ ጠየቀ። በመጨረሻ የደወለበትን ጉዳይ አወጣው። «ጋሼ፣ ለፋሲካ ልጁን ይዤ ልመጣ አስቤያለሁ። ጣና ዳር ይዤው ወርጄ እርግብ ባስተኩሰው ደስ ይለኛል። እርስዎ ሕጉንም ያውቁታል፣ የድሮ አዳኞችንም ያውቃሉ። ለእኛ አገር እርግብ የሚሆነው ጥይት የቱ ነው?»

ለጊዜው መልስ አጣሁ። ልጁ የሚኖረው በእርሻ አካባቢ ነው። እዚያ የዱር እርግብ የሰብል ጠላት ናት፤ ገበሬው የሚያባርርለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እህል በሚታጨድበት ወቅት ፈቃድ ያለው ሰው ጠመንጃውን አንግቦ ማሳ ዳር ቢቀመጥ ነውር የለውም። ጥይቱም እንደ እንቁላል በካርቶን ተደርድሮ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ግን እርግብ የሚበላ ሰው ብርቅ ነው። በኖኅ መርከብና በዮርዳኖስ ወንዝ ታሪክ ያደገ ሰው እርግብ ላይ አነጣጥር ቢሉት እጁ ይከብደዋል። በልጅነቴ ባሕር ዳር አካባቢ ያየኋቸው አዳኞች ዓይናቸው ቆቅና ጅግራ ላይ ነበር።

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይባላልና ነገሩን ሳላጣራ መልስ መስጠት አልፈለግሁም። ሁለት ሳምንት ያህል አነበብሁ፣ ጠየቅሁ፣ ሰነዶች አገላበጥሁ። ያገኘሁትን ለውድ አንባብያን የማካፍለው ሁላችሁም ነገ አደን ትወጣላችሁ ብዬ አይደለም። ጥያቄው ሲጀመር የዕቃ ምርጫ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን የሐይቃችን፣ የሕጋችንና የራሳችን ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ከዕቃው እንጀምር።

ቀለሃው ውስጥ ምን አለ?

ለወፍ የሚተኮሰው ጠመንጃ ሾትገን የሚባለው ነው። ከክላሽና ከምንሽር የሚለየው አንድ ጥይት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች መበተኑ ነው። ቀለሃው ዛሬ በአብዛኛው ፕላስቲክ፣ ቂጡ ደግሞ ነሐስ መሰል ብረት ነው። ቂጡ መካከል እሳት የሚጭር ትንሽ ቆብ አለ። ከእሱ በላይ ባሩድ፣ ከባሩዱ በላይ ዋድ የሚሉት ድፍን፣ ከዋዱ በላይ ፍሬዎቹ ይደረደራሉ። ዋዱ የባሩዱ ጋዝ በፍሬዎቹ መካከል ሾልኮ እንዳያልፍና ሁሉንም አንድ ላይ እንዲገፋ ያደርጋል። ዋዱ ከፕላስቲክ ወይም ከሚበሰብስ ቃጫ ይሠራል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የጠመንጃው ቁጥር ነው፦ 12፣ 16፣ 20። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጠመንጃው የሚተልቅ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አሠራሩ የድሮ የእንግሊዞች ነው። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ፣ በርሜሉ ውስጥ ልክክ የሚሉ 12 ክብ ጥይቶች ከወጡ ጠመንጃው 12 ቁጥር ይባላል። 20 ጥይቶች ከወጡ እያንዳንዱ ጥይት አነስተኛ ስለሚሆን በርሜሉም ጠባብ ነው። የ12 ቁጥር በርሜል ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ የ20 ቁጥር ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚገድል ስሕተት አለ። የ20 ቁጥር ጥይት በስሕተት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ ወደፊት ተንሸራትቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ጠመንጃው ባዶ መስሎት ትክክለኛውን የ12 ቁጥር ጥይት ከኋላ አጉርሶ ቃታውን ሲስብ በርሜሉ ይፈነዳል። የግራ እጁም እዚያው ፊት ለፊት ነው። በዚህ ምክንያት ነው ፋብሪካዎች የ20 ቁጥርን ቀለሃ ቢጫ የሚያደርጉት። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ኪስ አለመያዝ የመጀመሪያው ደንብ ነው።

ሁለተኛው ደንብ የርዝመት ነው። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል በአሮጌ ጠመንጃዎች 65፣ በዘመናዊዎቹ 70 ወይም 76 ሚሊ ሜትር ነው። የቀለሃው አፍ ሲተኮስ ስለሚዘረጋ ረጅም ጥይት አጭር ጉሮሮ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን መውጫው ይጠብበትና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። «ከገባ ይሆናል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። የጠመንጃው ልክ በርሜሉ ላይ፣ የጥይቱ ልክ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው።

የፍሬው ቁጥርና ክብደቱ

ቀጥሎ የፍሬው ቁጥር አለ። ይኼም እንደ በርሜሉ ተገልብጦ የሚቆጠር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል። ችግሩ የአንዱ አገር ቁጥር ከሌላው አገር ጋር አለመስማማቱ ነው። የእንግሊዝ 6 ቁጥር 2.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካ 6 ቁጥር 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጣሊያኑ ደግሞ የራሱ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ቁጥሩን ትቶ ሚሊ ሜትሩን ያነባል። (እኛ ሀበሾች ከዘመን አቆጣጠራችን የተነሳ ይህን ችግር ለመረዳት ማንም አይቀድመንም።)

በእንግሊዝ ለዱር እርግብ የተለመደው ምርጫ ከ28 እስከ 32 ግራም የሚመዝን፣ 6 ወይም 7 ቁጥር የእርሳስ ፍሬ ነው። 30 ግራም ባለ 6 ቁጥር ጥይት ውስጥ 285 ያህል ፍሬዎች አሉ። ፍሬው ቢተልቅ እያንዳንዱ ጠንክሮ ይመታል፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ስለሚያንስ በመካከላቸው ክፍተት ይበዛል፣ ወፏም በክፍተቱ ታልፋለች። ፍሬው ቢያንስ ደግሞ ብዛቱ ይጨምራል፤ ርቀት ላይ ግን ጉልበት አጥቶ አቁስሎ ይተዋታል። የአዳኝ ጥበብ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሚዛን መጠበቅ ነው። የእንግሊዞቹ እርግብ ግማሽ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ባሕር ዳር ጣሪያ ላይ የምናያት ክንፏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያላት እርግብ 300 ግራም አካባቢ ናት፤ ትንሿ ዋኖስ ደግሞ 100 ግራም ብትሞላ ነው። ስለዚህ በክብደት ብቻ ከሄድን የእህቴ ልጅ ከለመደው አነስ ያለ ፍሬ፣ 7 ቁጥር 28 ግራም፣ ይበቃው ነበር።

የሚበተንበት ስፋት ደግሞ በበርሜሉ አፍ ይወሰናል። የበርሜሉ አፍ ጠበብ ሲደረግ ቾክ ይባላል። በ40 ያርድ፣ ማለትም በ36 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቢሳል ቾክ ከሌለው በርሜል ከወጡት ፍሬዎች 40 በመቶ፣ ሙሉ ቾክ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ክቡ ውስጥ ያርፋሉ። በ285 ፍሬ ስናሰላው 114 እና 200 ገደማ መሆኑ ነው። አዳኞች ለእርግብ ከ35 ሜትር በላይ አትተኩስ የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሙከራ ምግብ አያመጣም፤ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ሸምበቆ ውስጥ ያስቀራል።

እስቲ ሌላ ስሌት እንሥራ። አንዲት እርግብ በጥሩ ተኩስ ብትወድቅ ሰውነቷ ላይ የሚገኙት ፍሬዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አሥር ቢሆኑ እንኳ ከ285ቱ 275ቱ የት ሄዱ? መሬት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ናቸው። ሰውዬው በአንድ ቀን 100 ጥይት ከተኮሰ 3 ኪሎ እርሳስ ዘርቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የጥይት ምርጫ ማለት በአብዛኛው ወፏን የሚመታውን ሳይሆን የሚቀረውን መምረጥ ነው። እኔ ይህን ስሌት ስሠራ ያሰብሁት ስለ ራሴ ጥርስ ነበር።

በጥርሴ የነከስሁት

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበረው። ቅዳሜ ሲወጣ እኔና የጎረቤት ልጆች ከኋላው እንከተላለን። ሥራችን ቀለሃ መልቀም ነበር። ባዶውን ቀለሃ አፉን እየነፋን እንደ ፉጨት እናስጮኸዋለን፤ ብዙ የሰበሰበ ልጅ ጌታ ነው። አንዳንዴ ያልፈነዳ ጥይት እጃችን ይገባና (ዛሬ ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል) አፉን በቢላ ፈልፍለን ፍሬዎቹን እናወጣለን። ፍሬዎቹ ለመንጠቆ ክብደት ይሆናሉ። እርሳስ ለስላሳ ነው። ፍሬውን በምላጭ ሰንጠቅ አድርገን ክሩን እናስገባና በጥርሳችን ነክሰን እንገጥመዋለን። ሌሎቹ ፍሬዎች ተራቸው እስኪደርስ ጉንጫችን ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚያ መንጠቆ ቆረሶ አጥምደን፣ ጠብሰን፣ በዚያው እጃችን በላን። አጎቴ አየን፤ ሳቀብን። ክፋት ኖሮት አይደለም። የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለ የሕፃን አእምሮን ነው። ስንቶቻችን ምን ያህል እንደጎደለብን የሚነግረን የለም፤ የጎደለ ነገር አይታይማ።

ወፎቹስ? የውኃ ወፍ ጥርስ የላትም። እህሉን የምትፈጨው ጠጠር እየዋጠች፣ ጠንካራ የሆድ ከረጢቷ ውስጥ ጠጠሩን ከእህሉ ጋር እያሻሸች ነው። ጭቃ ውስጥ ያለ የእርሳስ ፍሬ ለእሷ ከጠጠር አይለይም። ትውጠዋለች፤ ይፈጫል፤ በሆዷ አሲድ ይሟሟል፤ ደሟ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ፍሬዎች አንዲት ዳክዬ ለመግደል ይበቃሉ። የተኮሰባት ሰው ሳይኖር ከዓመታት በፊት በተተኮሰ ጥይት ትሞታለች። በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ድርጊትና ስለ ውጤት ግንኙነት ስንማር እንዲህ ያለ ምሳሌ የሰጠን መምህር አልነበረም።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1996 የእርሳስ ፍሬን በማናቸውም ስፍራ ከለከለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለውኃ ወፍ አደን አገደችው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በረግረጋማ ቦታዎችና በውኃ ወፎች ላይ አገደችው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በረግረግ ላይና በዙሪያው ከለከለ። በምትኩ የመጣው በዋናነት ብረት ነው። ብረት አይመርዝም፤ ግን ቀላል ነው። የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ እርሳስ ክብደት 11.3 ግራም ሲሆን የብረት 7.8 ግራም ነው። ስለዚህ የብረት ፍሬ የሚመርጥ ሰው ሁለት ቁጥር ከፍ ማለት አለበት። 2.6 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬ 0.10 ግራም ይመዝናል፤ ይህን ክብደት ከብረት ለማግኘት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። ብረት እንደ እርሳስ ለስላሳ ስላልሆነ ለእሱ ያልተፈተነ አሮጌ በርሜልና ጠባብ ቾክ ሊያበላሽ ይችላል። የአጎቴ ዓይነት ጠመንጃ ዛሬ ከሣጥን ቢወጣ ብረት አይጎርስበትም። ቢዝሙዝ የሚባል ከብረት ከበድ ያለ ማዕድንም አለ፤ ለአሮጌ ጠመንጃ የሚስማማው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ የሚሰጠው የዕቃ መልስ እዚህ ላይ ያልቃል፦ ለእንግሊዝ ማሳ ከሆነ ለብረት የተፈተነ ጠመንጃ፣ 28 ግራም፣ 3 ሚሊ ሜትር የብረት ፍሬ፣ የሚበሰብስ ዋድ፣ ከ35 ሜትር ያልበለጠ ርቀት። የፕላስቲኩ ዋድ ለዓመታት ሣር ውስጥ ስለሚቀር ከብት ይውጠዋል። ለጣና ዳርስ?

ፍሬው የት ያርፋል?

አውሮፓውያን አዳኞች ቀላል ደንብ አላቸው። የፍሬውን ስፋት በሚሊ ሜትር ውሰድና በመቶ አባዛው፤ ያ በሜትር የአደጋው ክልል ነው። 2.6 ሚሊ ሜትር ፍሬ እስከ 260 ሜትር፣ 3 ሚሊ ሜትር እስከ 300 ሜትር ሊደርስ ይችላል ብለህ ተጠንቀቅ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ወፍ አይገድልም፤ የሰው ዓይን ግን ያጠፋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከእንግሊዝ ቆላ ሜዳ ይሳሳል፤ ፍሬውም ቶሎ አይደክምም።

አሁን ባሕር ዳርን የምታውቁ አንባብያን በሐሳባችሁ ከሐይቁ ዳር ቁሙና ወደየትኛውም አቅጣጫ 300 ሜትር ለኩልኝ። ታንኳ የሌለበት አቅጣጫ አለ? ደንገል የሚያጭድ፣ መረብ የሚያነሳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ዋርካ ሥር ያንቀላፋ ሰው የሌለበት አቅጣጫ አለ? በታንኳ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከደንገሉ በላይ ጎልቶ አይታይም። እርግብ የምትበርበት ከፍታና ታንኳው ያለበት መስመር አንድ ነው።

በቅርብም ቢሆን ፍሬው ጥቃቅን ነው ብሎ መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ አንድ ታሪክ ትቷል። በቤተ መንግሥቱ ከአንድ ጎበዝ ጋር ስለ ተኩስ ተከራክሮ፣ ጠመንጃውን በጥይት ፋንታ በቁራጭ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻ በአንድ ተኩስ መብሳቱንና ሁለተኛውን ሻማ በሾላ ጠረጴዛ ማሳለፉን በመጽሐፉ ይተርካል። ጋሻ የሚበሳው የጥይቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ክብደቱና ፍጥነቱ ነው። የወፍ ፍሬም ከአፈሙዙ ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ገና ሳይበተን እንደ አንድ ድፍን ጥይት ነው የሚመታው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1151 ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ሊያደርግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል የሚል መሠረተ ሐሳብ አለው። ይህን አንብቦ «የሰማይ ወፍ የማንም አይደለችም» የሚል ሰው ይኖራል። አይቸኩል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541ም አደንን በፈቃድ ብቻ የሚደረግ አድርጎታል። እርግቧ ደግሞ ከጎረቤት ቆጥ የወጣች ለማዳ ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የሰው ንብረት ነው የገደልከው።

ጠመንጃውና ጥይቱ ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ናቸው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት ወደ አገር ማስገባት፣ ይዞ መገኘትና ማዘዋወር ቅጣቱ ከባድ ነው። «የወፍ ጥይት ነው» የሚል መከላከያ አያዋጣም። ከውጭ ለምትመጡ አዳኞች አንድ ምክር፦ የአደን ጃኬታችሁን እዚያው ተዉት፤ ኪስ ውስጥ የተረሳ አንድ ጥይት የፋሲካ በዓልን በፖሊስ ጣቢያ ያሳልፋል።

ከአገር ውስጡ ሕግ በላይ የገባናቸው ቃሎችም አሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአፍሪካና የዩሬዥያ ስደተኛ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል ሆናለች። ይህ ስምምነት አባል አገሮች በረግረግ ስፍራ የእርሳስ ፍሬ አጠቃቀምን እንዲያስቀሩ ይጠይቃል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የፎገራ ሜዳ፣ ሸሸርና ወላላ በየዓመቱ ከሰሜን የሚመጡ ወፎችን ተቀብለው ያከርማሉ። እነዚያ ወፎች በአውሮፓ እርሳስ እየተከለከለላቸው መጥተው እዚህ በእኛ እንግድነት ቢመረዙ ምን ይባላል?

«ሰብል ያጠፋሉ» የሚል ክርክር ለሚያነሳም መልስ አለን። ገበሬያችን ወፍ ማባረር ከእንግሊዝ አልተማረም። ማማ ሠርቶ፣ ልጁን ወንጭፍ አስይዞ፣ እየጮኸና እያስጮኸ ጤፉንና ማሽላውን ሲጠብቅ ኖሯል። ወንጭፍ የሚወረውረው ድንጋይ መሬቱ ላይ ቢወድቅ ከመሬቱ የመጣ ነው።

የተኩስ ድምፅ

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ባይኖር እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የነበረው ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የእህቴ ልጅ እንግሊዝ ነበር። እናቱ ባሕር ዳር ነበረች። በዚያ ሰሞን ስልክ ሲገኝ የምትነግረኝ ነገር አንድ ነበር። ተኩስ ሲሰማ የጎረቤት ሕፃናት ሳይነገራቸው ከመስኮት ርቀው መሬት ላይ መተኛትን ተምረዋል። በእኔ ልጅነት የአጎቴ ጠመንጃ ሲጮህ ልጆች ወደ ድምፁ እንሮጥ ነበር፤ ቀለሃ ለመልቀም። የእነዚያ ሕፃናት እግር ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሮጧል። እንዲህ ባለ ከተማ ዳር፣ በበዓል ማግስት፣ ለጨዋታ አንድ ጥይት እንኳ መተኮስ ምን ማለት እንደሆነ በየትኛውም ካርቶን ላይ አልተጻፈም።

በሳምንቱ መልሼ ደወልሁለትና ይህን ሁሉ በዝርዝር ነገርሁት። ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ሚሊ ሜትሩና ስለ ብረቱ ያልሁትን አብዛኛውን ያውቀዋል። ስለ ጥርሴ ስነግረው ግን ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ልጁም እኮ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ያገኘውን ፍሬ ሲጫወትበት አይቼዋለሁ» አለኝ። «አስታጥበው» አልሁት። «ዛሬውኑ ጃኬቱንም ኪሱንም አራግፍ።»

ከዚያ ሌላ ሐሳብ አቀረብሁለት። ብሩስ ከሻማው ታሪክ ሌላ አንድ ነገር ትቶልናል። በአገራችን ያያትን አረንጓዴ ጀርባና ቢጫ ሆድ ያላት እርግብ ዋሊያ በሚል ስም መዝግቧት ነበር፤ ዛሬም የሳይንስ ስሟ ትሬሮን ዋሊያ ነው። የዋርካና የሾላ ፍሬ ትወዳለች። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች ሥር ጠዋት ማልዶ ቀና ያለ ሰው ያያታል፤ ቅጠል ስለምትመስል ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደህና የሩቅ ማሳያ መነጽር ነው። ጉምሩክ አይቆጣም፣ ጎረቤት አይደነግጥም፣ ሐይቁም ላይ የሚቀር ነገር የለም።

«ልጁ ግን ተኩስ ነበር ያማረው» አለኝ የእህቴ ልጅ።

«ወንጭፍ አስተምረዋለሁ» አልሁት፤ «ወፍ ላይ ሳይሆን ቆርቆሮ ላይ።» ሳቀ። ለፋሲካ ይመጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቆርቆሮውን ከአሁኑ አስቀምጫለሁ።

ቸር ይግጠመን!